ለአንድ ባይት ሱቅ አይዘጋም፦ «ኮለምህን አጥብብ» ላለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ኮለምህን አጥብብ» የሚል ጽሑፍ አዳማ ውስጥ ሶፍትዌር በምንሠራ ሰዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። እንደ ጸሐፊው አባባል ዳታቤዝ ውስጥ የአንድን ኮለም (የቴብል ዓምድ) ቁጥር በኢንት ወይም በቢግኢንት ታይፕ (የቦታ መጠን) ማስቀመጥ ብክነት ነው። ቢግኢንት 8 ባይት ይወስዳል፣ ኢንት 4፣ ስሞልኢንት 2፣ ታይኒኢንት 1። ስለዚህ መለያ ቁጥሩንም፣ ዋጋውንም፣ ስልኩንም፣ ቀኑንም በተቻለ መጠን ወደ ትንሹ ታይፕ አውርደው። ከሞላ በኋላ ታሰፋዋለህ። ለምሳሌ ያቀረበው 500 አባላት ያሉት የቁጠባና ብድር ማህበር ሲስተም ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። የከፋውም ይኸው ነው፤ ጥሩ የተጻፈ ነገር ይታመናል። ለልምምድ እኛ ጋ የመጡ ተማሪዎች እሱን አንብበው በሠሩት ቴብል ላይ የደረሰኝ ቁጥሩ ታይኒኢንት ነበር። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ እንደተለመደው ከተጻፈ ታይኒኢንት ከ127 አያልፍም። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ደህና ሱቅ 127 ደረሰኝ እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሳል።

ለትንንሽ ታይፖች ጥላቻ የለኝም፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ታይፕ ስመርጥ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ቁጥር ከላይ የሚገድበው ማን እንደሆነ ነው። የወር ቁጥርን ካሌንደሩ ይገድበዋል፤ ከ13 አያልፍም። የፈተና ውጤትን ደንቡ ይገድበዋል። የደረሰኝ ቁጥርን የሚገድበው የለም፤ ሱቁ እስካለ ድረስ ይጨምራል። ዋጋን የሚገድበው ገበያው ነው፤ ገበያው ደግሞ ማንንም አይሰማም። ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

«ኮለሙ ካነሰ ቴብሉ ያንሳል»

እውነት የሆነውን ልቀበል። ማይኤስኪውኤል ላይ ኢንት የነበረውን ታይኒኢንት ብታደርገው ከእያንዳንዱ ሮው (የአንድ መዝገብ መስመር) 3 ባይት ይተርፍሃል። ሒሳቡን ግን እስከ መጨረሻው እንሥራው። በቀን 300 ሽያጭ የሚመዘግብ ሱቅ አንድም ቀን ሳይዘጋ ቢሠራ በዓመት 109,500 ሮው ይጽፋል። 10 ኮለም ብታጠብ ከአንዱ ሮው 30 ባይት ይተርፋል። በዓመት 3.3 ሜጋባይት ገደማ መሆኑ ነው። ስልክህ ላይ ያለ አንድ ፎቶ።

እዚያው ቴብል ላይ ደግሞ ስም አለ። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ገብረማርያም» 7 ፊደል ነው፤ 21 ባይት። 7 ኮለም አጥብበህ ያተረፍከውን አንድ ገብረማርያም ጠቅልሎ ይወስደዋል።

ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ነገሩ ይብሳል። መጀመሪያ ነገር ታይኒኢንት የሚባል ታይፕ የለውም፤ ትንሹ ስሞልኢንት ነው። ሁለተኛ፣ 8 ባይት የሚወስድ ኮለም የሚጀምረው ለ8 በሚካፈል ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከፊቱ አንድ ስሞልኢንት ካለ መሀል ላይ 6 ባይት ባዶውን ይቀራል። አንድ የክፍያ ቴብል እንውሰድ። መለያ ቁጥር ቢግኢንት፣ ሁኔታ ስሞልኢንት፣ መጠን ቢግኢንት፣ ዓይነት ስሞልኢንት፣ የተመዘገበበት ሰዓት 8 ባይት። በዚህ ቅደም ተከተል ከጻፍከው ክፍተቱ ተጨምሮ 40 ባይት ይሆናል። ሁለቱን ስሞልኢንቶች ቢግኢንት ብታደርጋቸውስ? አሁንም 40። ምንም አልቆጠብክም።

ትልልቆቹን አስቀድመህ ትንንሾቹን ወደ መጨረሻ ብታወርዳቸው 28 ይሆናል፤ ሮው ወደ 8 ብዜት ስለሚጠጋጋ በተግባር 32። ከዚያ ላይ ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ሮው 24 ባይት መግቢያ፣ 4 ባይት ደግሞ ለጠቋሚ ይይዛል። ስለዚህ ንጽጽሩ 68 ከ60 ነው። መጥፎ አይደለም። ግን ያመጣው የኮለሞቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንዲት ቃል አላለም። ኢንዴክሱማ (ሮው ቶሎ ለማግኘት የሚሠራው ማውጫ) ጭራሽ አይንቀሳቀስም። በአንድ ኮለም ላይ የተሠራ የተለመደው ቢትሪ ኢንዴክስ ለአንድ ሮው፣ ከጠቋሚው ሌላ፣ 16 ባይት ይወስዳል፤ ኮለሙ ስሞልኢንት ሆነ ቢግኢንት።

የስልክ አፕ ሠርተህ ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ የምትጠቀም ከሆነም አትድከም። እሱ የሚያየው የጻፍክለትን የታይፕ ስም ሳይሆን ቁጥሩን ራሱን ነው። ትንሽ ቁጥር ከመጣ በ1 ባይት፣ ትልቅ ከመጣ እስከ 8 ባይት ያስቀምጠዋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊውን በሚገባ እደግፈው ነበር፤ እሱ ዘለለው እንጂ። ማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ (ቴብሎቹን የሚያስቀምጠው ክፍሉ) ላይ ፕራይመሪ ኪው (ሮውን የሚለየው ዋና ቁጥር) በእያንዳንዱ ሌላ ኢንዴክስ ውስጥ አብሮ ይገለበጣል። 5 ኢንዴክስ ካለህ ፕራይመሪ ኪህ 6 ቦታ ተጽፏል ማለት ነው። መለያ ቁጥሩን ዩዩአይዲ የሚባለው የማይደገም ረጅም ኮድ አድርጎ በ36 ፊደል ጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ሮው 216 ባይት ይከፍላል። በቢግኢንት 48 ይበቃው ነበር። እንዲህ ዓይነት ቴብል ይዞ ሁኔታ የሚለውን ኮለም ታይኒኢንት ለማድረግ የሚጨነቅ ሰው አጋጥሞኛል። ጥቂትም አይደሉም።

ትንሽ ቁጥር ለፕሮሰሰሩ ይፈጥናል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር 1 ባይት ከ1 ባይት ሲደምር ከ8 ባይቱ ድምር የተለየ ፍጥነት አታይበትም። ጥቅሙ የሚመጣው አንድ ገጽ ላይ ብዙ ሮው ሲገባና ሜሞሪው ብዙ ሲይዝ ነው። ይህ ደግሞ በመቶ ሚሊዮን ሮው ላይ ይታያል፤ በ500 አባላት ላይ አይታይም።

«ኢንት በቅንፍ 2 ብታደርገው ይጠባል»

አይጠብም። ማይኤስኪውኤል ላይ ኢንት በቅንፍ 2 ብትልም በቅንፍ 11 ብትልም 4 ባይት ነው፤ የሚይዘውም ቁጥር እኩል ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው የማሳያ ስፋት ነበር። ከ8.0.17 ጀምሮ ማይኤስኪውኤል ራሱ ተዉት ብሏል። አንድ ወጥመድ ብቻ ልጠቁም። ታይኒኢንት በቅንፍ 1 ማለት ማይኤስኪውኤል ላይ የቡሊያን ሌላ ስም ነው። የጃቫው ኮኔክተር ቅንብሩን ካልቀየርክ እውነት ወይም ሐሰት አድርጎ ያነበዋል። ሁኔታ 2፣ ሁኔታ 3 ብለህ ያስቀመጥከው ሁሉ እውነት ሆኖ ይመጣልሃል።

«አባላቱ 500 ናቸው፤ ለመለያ ቁጥር ስሞልኢንት ይተርፋል»

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። መለያ ቁጥርን ከቆጠራ ጋር አምታቷል።

እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንድ እቃ አከፋፋይ አለ። ሲስተሙን የሠራለት ሌላ ሰው ነው። የሽያጭ መለያ ቁጥሩ ስሞልኢንት ነበር፤ ጣሪያው 32,767 ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሲስተሙ አዲስ ሽያጭ አልቀበልም አለ። የሚያወጣው መልእክት «ዱፕሊኬት ኤንትሪ 32767» ይላል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ምን ይረዳ? ካሸሯ አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ መታች። ምስኪን፣ እኔ እስክደርስ ድረስ ስትመረመር ነበር ያረፈደችው። ማይኤስኪውኤል ቁጥር አለቀ ብሎ አይነግርህም። ኦቶ ኢንክሪመንቱ (ቁጥሩን በራሱ የሚጨምረው) ጣሪያው ላይ ሲደርስ ያንኑ የመጨረሻ ቁጥር ደግሞ ያወጣል። ቁጥሩ ቀድሞ ተይዟልና ድግግሞሽ ነው ብሎ ይመልሰዋል።

የሚገርመው ሮዎቹ ሲቆጠሩ ከ32,767 እጅግ ያንሳሉ። የት ሄዱ? ተቃጠሉ። አንድ ሽያጭ ተጀምሮ መሀል ላይ ሲሰረዝ የወሰደው ቁጥር አይመለስም። «ካለ እለፈው» የሚል ኢንሰርትም (የማስገቢያ ትእዛዝ) ሮው ሳይጨምር ቁጥር ይወስዳል። ከኤክሴል ዳታ ለማስገባት ስትሞክር አሥሬ ከከሸፈብህ፣ በከሸፈው ቁጥር ልክ መለያ ቁጥር ነዷል። ፖስትግሬስም ያው ነው፤ ቁጥር አውጪው ሴኩዌንስ ትራንዛክሽኑ (የተጀመረው ሥራ) ቢሰረዝም ወደ ኋላ አይመለስም። ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ሲሆን ደግሞ ቁጥሮች እንዳይጋጩ አዳማው በ1 የሚያልቀውን፣ ሞጆው በ2 የሚያልቀውን፣ ወንጂው በ3 የሚያልቀውን እንዲወስድ ተደርጎ በ10 በ10 ይዘለላል። አንዱ ቅርንጫፍ ብቻውን 3,277 ሽያጭ ሲጽፍ ስሞልኢንቱ አለቀ ማለት ነው።

ይህ የትንንሽ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ቤዝካምፕ 3 የሚባለው የሥራ ማስተባበሪያ ሶፍትዌር ደንበኞች ለ5 ሰዓት ለተጠጋ ጊዜ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልቻሉም። የአንድ ቴብል መለያ ቁጥር ኢንት ነበርና 2,147,483,647 ላይ ደረሰ። ሬይልስ የሚባለውን ፍሬምወርክ የፈጠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሬይልስ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 5.1 አዳዲስ ቴብሎች በቢግኢንት እንዲጀምሩ አድርጎ ነበር። አሮጌው ቴብል ግን እንደነበረ ቀረ።

ከሁሉም የምወደው ግን የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጹ የስላሽዶት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኖቬምበር ላይ አስተያየቶቹ 16 ሚሊዮን ከ777 ሺህ አለፉ። ይህ ከዜሮ በታች የማይይዘው የ3 ባይቱ ሚዲየምኢንት ጣሪያ ነው። ሰዎቹ ነገሩን ሳያስቡበት ቀርተው አይደለም። ዋናውን መለያ ቁጥር ከዓመታት በፊት አስፍተውታል። የረሱት ይህ አስተያየት ለየትኛው አስተያየት መልስ እንደሆነ የሚያመለክተውን ነው። እሱ ሚዲየምኢንት ሆኖ ቀረ። የመለያ ቁጥር ጠባይ ይህ ነው። አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ በየቴብሉ፣ በየሪፖርቱ፣ በየፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ይዘራል።

ታዲያ ስሞልኢንት የትም መለያ ቁጥር አይሁን? ይሁን እንጂ። የክልሎችን ዝርዝር ውሰድ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 9 ነበሩ፤ አሁን 12 ናቸው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሲጨመሩ 14። ወደፊት ቢጨምሩ እንኳ 127 ይደርሳሉ ብዬ አልሰጋም። የባንክ ዝርዝር፣ የክፍያ ዓይነት፣ የመኪና ታርጋ ኮድ፣ እነዚህ ሁሉ በታይኒኢንት ደህና ይኖራሉ። ዝርዝሩን የሚጨምረው ሰው ተቀምጦ ወስኖ ነው። ሽያጭን የሚጨምረው ግን በሩን የገባ ደንበኛ ሁሉ ነው።

«ዋጋ ከ32,000 ብር አይበልጥም»

ይህን ሳነብ ጸሐፊው ገበያ የወጣ አልመሰለኝም። ሐምሌ 2016 ላይ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ እቃ ያለው ሱቅ ሁሉ ዋጋ ቀየረ። ያኔ በስሞልኢንት ዋጋ ያስቀመጠ ሰው 32,767 ላይ ይቆማል። ሳንቲሙ እንዳይጠፋ ብለህ ዋጋውን በሳንቲም ካስቀመጥከው ደግሞ ጣሪያህ 327 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። አንድ ሊትር ዘይት የሚሸጥ ሰው እንኳ ይህን ደፍሮ አይገባበትም።

ዋጋው ራሱ ቢገባ እንኳ ስሌቱ ላይገባ ይችላል። ፖስትግሬስ ላይ ስሞልኢንት በስሞልኢንት ስታባዛ ውጤቱም ስሞልኢንት ነው። 500 ፍሬ በ90 ብር 45,000 ይመጣልና ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የቀረበው ጥያቄ) ይወድቃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ሁለት ታይኒኢንት ኮለም ደምረህ ከ255 ካለፈ እንደዚሁ ነው። ማይኤስኪውኤል በ64 ቢት ስለሚያሰላ ከዚህ ያመልጣል፤ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ክምችቱን አንሳይንድ (ከዜሮ በታች የማይይዝ) ካደረግክ 5 ኩንታል ባለበት 8 ስትቀንስ ስህተት ይመልስልሃል። «ከዜሮ በታች ክምችት የለም» ትለኝ ይሆናል። አለ። እቃው ገብቶ ተሸጧል፤ የግዢ ሰነዱ ግን ገና አልተመዘገበም። ይህ የማያጋጥመው መጋዘን አላየሁም።

ለገንዘብ ዴሲማል (ሳንቲሙን ከነነጥቡ በትክክል የሚይዘውን ታይፕ) ተጠቀም። ዴሲማል 12 አሃዝ ከነ2 ሳንቲሙ ማይኤስኪውኤል ላይ 6 ባይት ነው። ነገሩ አለቀ።

ስልክ ቁጥርን ኢንት አድርግ የሚለውን ቶሎ ልለፈው። መጀመሪያ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። በ251 ከተጻፈ 12 አሃዝ ይሆንና ኢንት ውስጥ አይገባም። ስትሪክት ሞድ (የማይገባ ዳታን በስህተት የሚመልሰው ቅንብር) የጠፋበት ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ ስህተት እንኳ ሳይል 2147483647 ብሎ ይቆርጠዋል፤ የማህበሩ አባላት በሙሉ አንድ ስልክ ይኖራቸዋል። ቀበሌም እንዲሁ ነው። «01» ስትጽፍ 1 ይሆናል። «04/05» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይመጣል። የቤት ቁጥር የሚለው ላይማ «አዲስ» ተብሎ ይሞላል። ስልክን ከስልክ ጋር የሚደምር፣ ቀበሌን በቀበሌ የሚያባዛ የለም። ጽሑፍ ናቸው፤ ጽሑፍ አድርጋቸው።

«የኛን ቀን በሦስት ትንንሽ ኮለም ክፈለው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነተኛ ችግር ነክቷል። ዴት የሚባለው ታይፕ የኛን ካሌንደር አያውቅም። ጳጉሜን 3 ልታስገባ ብትል 13ኛ ወር የለም ይልሃል። ጥቅምት 30ንም 2ኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልስብሃል። ስለዚህ ቀን በታይኒኢንት፣ ወር በታይኒኢንት፣ ዓመት በስሞልኢንት ይሁን፤ ቦታም ትቆጥባለህ ይላል።

ቦታውን እንቁጠረው። 1 እና 1 እና 2፣ 4 ባይት። ማይኤስኪውኤል ላይ ዴት ስንት ነው? 3። ፖስትግሬስ ላይ ሦስቱም ስሞልኢንት ስለሚሆኑ 6 ባይት፤ ዴት ደግሞ 4። ቆጣቢው ዘዴ በሁለቱም ላይ የበለጠ ይበላል።

ኪሳራው እዚያ አያበቃም። ማህበሩ ላለፉት 30 ቀናት ያልከፈሉ አባላትን ማወቅ ፈለገ እንበል። ዛሬ መስከረም 10 ነው። 30 ቀን ወደ ኋላ ስትሄድ መስከረምን፣ ጳጉሜንና ነሐሴን ትነካለህ፤ ዓመቱም ይቀየራል። ጳጉሜ 5 ነበረች ወይስ 6? ይህን ሁሉ በኩዌሪ ውስጥ ልትጽፈው ነው። በዴት ግን አንድ መቀነስ ብቻ ነው። ወለድ በቀን የሚታሰብ ከሆነ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ጳጉሜን የረሳ ስሌት የ5 ቀን ወለድ ይበላል። 31 የሚባል ቀን ወይም 9ኛዋ ጳጉሜ ብትገባም የሚከለክላት የለም። ሦስቱም ኮለሞች እያንዳንዳቸው ትክክለኛ ቁጥር ይዘዋል፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን በካሌንደር ላይ የሌለ ቀን ናቸው።

በዴት አስቀምጥ፣ ስታሳይና ስትቀበል ቀይር። ደረሰኙ ላይ ጳጉሜን 3 ብሎ ይታተማል፣ ውስጡ በ9ኛው ወር ይቀመጣል። ለመቀየሪያው የተዘጋጁ ላይብረሪዎች ሞልተዋል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የጸሐፊው ስሞልኢንት ይሠራል። የትውልድ ቀን ስትጠይቃቸው «ጣሊያን በወጣ ዓመት» የሚሉ አባቶች አሉ። 1933 ብለህ ዓመቱን ብቻ ትመዘግባለህ። ወርና ቀን ፈጥረህ ጃንዋሪ 1 ከማድረግ ዓመቱን በስሞልኢንት ብቻውን ማስቀመጥ ይሻላል።

«ትንሽ ታይፕ የተሳሳተ ዳታ ይከለክላል»

የሚከለክለው ከጣሪያው በላይ ያለውን ነው። ታይኒኢንት የሆነ የፈተና ውጤት 120ንም፣ ከዜሮ በታች 5ንም ይቀበላል። 49.5 ያመጣ ልጅ ደግሞ 50 ይሆናል፤ ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም ስህተት ሳይሉ ወደ ላይ ያጠጋጉታል። ልጁ አለፈ። ወላጆቹ ደስ ይላቸው ይሆናል።

መከልከል ከፈለግክ ቼክ ጻፍ፤ ከ0 እስከ 100 ብለህ። ማይኤስኪውኤል ቼክን ማክበር የጀመረው ከ8.0.16 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያነበውና ዝም ይላል። ስትሪክት ሞድም ከ5.7 ጀምሮ ሲጫን ክፍት ነው። ነገር ግን ከሆነ ቦታ የተቀዳ የኮንፊግ ፋይል አጥፍቶት አገኛለሁ። ያኔ 300 ስትጽፍ 127 ይገባል፣ ሕይወትም ይቀጥላል። ኮለም ላይ ደጋግሞ 127 ወይም 255 ካየህ ጠርጥር።

እዚህ ጋ የጸሐፊውን ትክክለኛ ምክር ልመስክር። የክፍያ ሁኔታን በጽሑፍ ከማስቀመጥ በኮድ አስቀምጥ ይላል። ልክ ነው። «በመጠባበቅ ላይ» ብለህ በየሮው ብትጽፍ 25 ባይት ነው፤ በታይኒኢንት 1። የፊደል ስህተትም ይቀራል፤ አንዱ «ተከፍሏል» ሌላው «ተከፍሎአል» እያለ ሪፖርቱን አይከፍለውም። ግን 3 ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር ትንሽ ቴብል አብረህ ሥራ። የሠራው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ የኮዶቹ ትርጉም አብሮት እንዳይሄድ።

«ከሞላ በኋላ ታሰፋዋለህ»

ወንድሜ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ በትልቅ ቴብል ላይ ኦልተር አድርገህ (የኮለም ታይፕ ቀይረህ) ታውቃለህ?

ፖስትግሬስ ላይ ስሞልኢንትን ወደ ኢንት፣ ኢንትን ወደ ቢግኢንት መቀየር ቴብሉን በሙሉ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ማንም ማንበብም መጻፍም አይችልም። ማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢም ቴብሉን ገልብጦ ነው የሚሠራው፤ ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። ኢንዴክሶቹ ሁሉ እንደገና ይገነባሉ። ዲስኩ ላይ ለሁለተኛ ሙሉ ኮፒ ቦታ ያስፈልጋል። ቦታ የለኝም ብለህ ነበር እኮ ያጠበብከው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድና ዩፒኤሱ ባይዝ ዳታው አይጠፋም፤ ሥራው ግን ከዜሮ ይጀምራል።

በዚያ ላይ ፎሪን ኪ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያገናኘው ቁጥር) አለ። ኢኖዲቢ ሁለቱ ወገኖች መጠናቸውም ምልክታቸውም አንድ ካልሆነ አይቀበልም። ስለዚህ ሁሉንም ፎሪን ኪ ታወርዳለህ፣ ዋናውን ትቀይራለህ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ትቀይራለህ፣ እንደገና ትመልሳለህ። ከዚያ ኮዱ ይቀራል። ጃቫው ላይ ሾርት፣ ሲሻርፑ ላይ ባይት ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ይታደናል። ደንበኛ ስልክ ላይ ያለውን አሮጌ አፕ ምን ታደርገዋለህ?

ጊዜውም አንተ የምትመርጠው አይደለም። ቁጥር የሚያልቀው ብዙ በሚጻፍበት ቀን ነው። ሱቅ ላይ ብዙ የሚጻፈው የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ያን ዕለት ባለሱቁን ለሁለት ሰዓት አትሽጥ በለው።

አንዳንዴ ሌላ ሰው የሠራው ይደርስሃል፤ ምርጫ አይኖርህም። ማይኤስኪውኤል ካለህ ሲስ የሚባለው ስኪማ ውስጥ ኦቶ ኢንክሪመንት ኮለሞችን የሚዘረዝር ቪው አለ። እያንዳንዱ ከጣሪያው ስንት እጅ እንደደረሰ ያሳይሃል። ግማሽ ላይ የደረሰውን ዛሬ ጀምር። አዲስ ቢግኢንት ኮለም ጨምር፣ አዲስ የሚገባው በትሪገር (በራሱ በሚሠራ ትእዛዝ) ሁለቱም ላይ ይጻፍ፣ የድሮውን በጥቂት በጥቂቱ ገልብጥ፣ መጨረሻ ላይ ስም አቀያይር። ፖስትግሬስ ላይ አልቆ የተገኘ ከሆነ ሴኩዌንሱን ከዜሮ በታች ካለው ወገን ማስጀመር ፋታ ይሰጣል። ደረሰኝ ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር ያየ ኦዲተር ግን ደስ አይለውም።

«ሰዓትን በኢንት ሰከንድ አስቀምጥ»

የመጨረሻው ምክሩ ይህ ነው። ዴትታይምን ተውና እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለውን ሰከንድ በኢንት ጻፍ፤ 4 ባይት ብቻ ነው ይላል። ማይኤስኪውኤል ላይ ዴትታይም ከ5.6.4 ወዲህ 5 ባይት ነው። ትርፉ 1 ባይት።

ያ ኢንት የሚያልቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አንሳይንድ ብታደርገው እ.ኤ.አ. እስከ 2106 ይሄድልሃል፤ ፖስትግሬስ ግን አንሳይንድ የለውም። ሩቅ ነው የሚል ካለ የጽሑፉን ምሳሌ ደግሞ ይየው። የብድር ቴብል ነው። የመጨረሻ ክፍያ ቀን የሚል ኮለም አለው። ዛሬ የተፈረመ የ15 ዓመት ብድር የሚያልቀው ከዚያ ጥምቀት በኋላ ነው። ስለዚህ ቴብሉ የሚወድቀው በ2030 ሳይሆን የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ብድር በሚመዘገብበት ቀን ነው። ለ500 አባላት ይህ ዘዴ የሚያተርፈው 500 ባይት ነው።